በዙቤይዳ ድርሻ የታረቁ ሰዎች

ለውድ ወንድሜ ለደምመላሽ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ብርዱ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮስ ለቀቀህ? ወይንሸትስ ደህና ናት? ከወለደች ወዲህ ወገቧ በረታላት? ሕፃኗ ጥርስ አወጣች? ባቡር ጥገናው ያሉት ሰዎች ያከብሩሃል? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ? አንድ በአንድ መልስልኝ እንጂ እንዳለፈው «ሁላችንም ደህና ነን» ብለህ እንዳታልፈኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ጾሙን ይዘናል። ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ ጣል ጣል ስላደረገ የቡ አካባቢ ቡናው አብቧል፤ ከዚያ ለገበያ የሚመጡት ሰዎች ልብሳቸው ሳይቀር የአበባ ሽታ ይዞ ይገባል። እኔም ያው መጋዘን ቡና ለቀማዬ ላይ ነኝ። ጉልበቴን ሲያሰኘው ይወጋኛል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቅበላ ባለፈ ሰሞን ነው። እናንተ ያላችሁበት ፈረንጅ አገር ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ስንት ዘመን ሲነቃቀፉ ኖረው፣ ከምርጫው በኋላ ግን ቁጭ ብለው ተነጋግረው አብረው ሊያስተዳድሩ ተስማሙ ብለህ ጽፈህልኛል። «እታለም፣ ጠብ የለ፣ ጥይት የለ፣ ወንበሩን ተከፋፍለው ተጨባብጠው ወጡ፤ ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው» ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ሳነበው ደሜ ፈላ። በአንተ አይደለም፤ አንተ ምን አጠፋህ። በዚያው ሰሞን እኔም ተከፋፍለው የተጨባበጡ ሰዎች በዓይኔ አይቼ ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበር። አሁንም አልበረደልኝም። ይህን ደብዳቤ ከኮሌጁ ወደዚያ የሚመጣ መምህር በእጁ ስለሚይዝልኝ እንደልቤ ልጽፍልህ ነው፤ አንብበህ ፍረደኝ።

ስለ ቀበሌው አልነግርህም። እዚያ እጅ ሲነሳ የሁላችንም አብሮ ነው የሚነሳው፣ አንተ ይገባሃል። የምነግርህ ስለ እድራችን ነው። በዚህ ከተማ ሰው ሁለት ወገን ሆኖ ሲከራከር ማየት የፈለገ እድር ይምጣ።

አቶ ብርሃኔን ታስታውሳቸዋለህ፣ ጸሐፊ የነበሩትን፣ ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን የሚያወልቁትን። አንዱ ወገን የእሳቸው ነው። ሌላው የልብስ ሰፊው የከሊል ነው። እስላምና ክርስቲያን ተብሎ የተከፈለ እንዳይመስልህ፤ እዚህም እዚያም ሁለቱም አለ። የአቶ ብርሃኔ ወገን ለእድሩ ዕቃ መጋዘን ይሠራ ይላል። የከሊል ወገን ደግሞ ባል የሞተባት ሴት ከእድር አትውጣ፣ በራሷ ስም ትቀጥል ይላል። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ እድርተኛ የሚባለው ባል ነው። እሱ ሲሞት እድሩ ይቀብረዋል፣ ያስተዛዝናል፣ ከዚያ ስሙ ይሰረዝና ሚስት የደረሰ ወንድ ልጅ ከሌላት ከነቤተሰቧ ውጭ ትቀራለች።

ይህ ነገር አናቴ ላይ የወጣው በዙቤይዳ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ ናት፣ መጋዘንም አብረን ነው የምንለቅመው። ባሏ ኑሪ አምና በቡና ጊዜ ከሰቃ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦበት እንደሞተ ጽፌልህ ነበር። ቤት የቀሩት ሴቶች ልጆቿና አማቷ አዴ ሀዋ ናቸው። አዴ ሀዋ አልጋ ከያዘች ከረመች። እኔ ልጠይቃት በገባሁ ቁጥር እጄን ይዛ በኦሮምኛ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር፤ የሞትኩ ዕለት ጡሩምባው ይነፋልኛል ወይ ትለኛለች። ጀናዛዋንማ ሙስሊሙ ተረባርቦ ይሸኛል፣ እሱ አይቀርም። እሷን ያስጨነቃት ድንኳኑ ነው። «ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው ለቅሶ ውሃ ተሸክሜ፣ የእኔ ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ይቁም?» ትላለች።

ዳኛ ለመምረጥ ሲሰበሰቡ እጁ እኩል ለእኩል ሆነ። በሌላ ጊዜም ተሰብስበው ያው እኩል። በመሐል ጎረቤታችን ቱሉ ሞተ። የድንኳኑ ሸራ ከአቶ ብርሃኔ ወገን ቤት፣ ምሰሶው ከከሊል ወገን ቤት ነበር። «መጀመሪያ እናንተ አምጡ፣ የለም እናንተ አምጡ» ሲባባሉ የቱሉ ለቀስተኛ ረፋዱን ሙሉ በፀሐይ ተጠበሰ። አገር ታዘበን። ስለዚህ መታረቃቸውን የጠላሁ እንዳይመስልህ። መታረቅ ነበረባቸው።

ከየወገኑ ሰው ተመርጦ አቶ ብርሃኔ ቤት ገቡ። ከከሊል ወገን ከተመረጡት አንዱ የእኔው ባል ነጋሳ ነበር። ምን ብሎ እንደሄደ ታውቃለህ? እዚሁ ቤቴ፣ ዙቤይዳ በተቀመጠችበት፣ «ያንቺን ጉዳይ ሳላስፈጽም አልመለስም» ብሎ ነው። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ተስማማን አለኝ። እንዴት ሆኖ ስለው፣ ዳኛው አቶ ብርሃኔ፣ ገንዘብ ያዡ ከሊል፣ መጋዘኑም ይሠራል አለኝ። የዙቤይዳስ አልኩት። ጫማውን እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ «እሱ ለጊዜው ይጠና ተብሏል» አለኝ።

ይጠና! ዙቤይዳ ጂኦግራፊ ናት እንዴ የምትጠናው? አልኩት። «ሙሉ፣ ማሎ ተረጂኝ፣ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ መልቀቅ ነበረበት» አለኝ፤ ሲጨንቀው ነው ማሎ እያለ የሚለማመጠኝ። አንተ ምንህን ለቀቅህ? አቶ ብርሃኔስ ምናቸውን ለቀቁ? እሳቸው ወንበሩን ያዙ፣ ከሊል ካዝናውን ያዘ፤ የለቀቃችሁት እዚያ ቤት ያልነበረችውን የዙቤይዳን ነው አልኩት። እራቱን አቅርቤለት ዞር አልኩ። ብቻውን ሲያላምጥ ሰነበተ።

እርቁን በቅበላው እሁድ እናክብር ተባለና ሁለት ወይፈን ታረደ፣ አንዱ በእስላም፣ አንዱ በክርስቲያን። እርዱ ለየብቻ ስለሆነ ድስቱም ለየብቻ ነው። የእስላሙ ድስት ኃላፊ ዙቤይዳ ናት፣ የክርስቲያኑ እኔ። ኑሪ ከሞተ በኋላም እሷ አንድ ለቅሶ፣ አንድ ድግስ ላይ ቀርታ አታውቅም። ያን ዕለትም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ቢላዋዋን ይዛ ከሁላችን ቀድማ መጣች። አቶ ብርሃኔ በአዲሱ ወንበራቸው ተነሥተው እናቶቻችንና እህቶቻችን እያሉ ያመሰግኑን ጀመር። አልቻልኩም። «አቶ ብርሃኔ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዙቤይዳ ለእድሩ ምኑ ናት?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። እህታችን ናታ አሉ። እህት ከሆነች እድሩ ይቀብራታል ወይ አልኳቸው። «ይጠናል ተባለ እኮ ሙሉእመቤት» አሉኝ። «እንግዲያው ጥናቱ እስኪያልቅ ወጡን እናንተ ሥሩት» ብዬ ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

ብቻዬን የምቀር መስሎኝ ነበር። ዙቤይዳ ራሷ «ተይ ሙሉ፣ ወላሂ በእኔ ምክንያት አይሁን» እያለች ጎተተችኝ። ግን አንዷ አስቀመጠች፣ ሌላዋ አስቀመጠች፣ የእስላሟም የክርስቲያኗም፣ የዚህም ወገን የዚያም ወገን ሚስት። ሁላችንም ተነሥተን እኔ ግቢ ገብተን ተቀመጥን።

ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከሊል «ወጥ መሥራት ከኮት መስፋት አይከብድም» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ አሉ። ድስቶቹ ግን ሁሉም ከአንድ ነጋዴ የተገዙ፣ መልካቸው አንድ ነው። የምንለያቸው እጀታቸው ላይ በምናስረው ጨርቅ ነው፤ ሲታጠቡ ይፈታል፣ መልሰን የምናስረው እኛ ነን። ያን ዕለት ገና አላሰርንም። እነሱ ይህን በምን ይወቁት፤ ባገኙት ድስት ሥጋውን ከተቱት። ከፈላ በኋላ ነው የነጋሳ ጩኸት እኛ ግቢ ድረስ የተሰማው። «ኧረ ጉድ ነው! ይቺ የክርስቲያን ናት፣ ቂጧን ያስበየድኳት እኔ ነኝ!» ይላል። ጎንበስ ብለው ሲያዩ የእስላሙ ሥጋ በክርስቲያኑ ድስት፣ የክርስቲያኑም በእስላሙ ድስት እየተንተከተከ ነው። እስላሙ አይበላው፣ ክርስቲያኑ አይበላው። በማግስቱ ጾም ይገባል፣ ሌላ አርደው እንዳይደግሱ። የሰፈራችን የሄርማታ ውሾች ቅበላቸውን በሁለት ወይፈን አከበሩ። እኛም ያለ ሥጋ ጾማችንን ያዝን።

ከዚያማ ያ መጨባበጥ የት አባቱ። የእናንተ ሰው ነው የከተተው፣ የለም የእናንተ ነው፤ ሸራና ምሰሶ ሊካፈሉ ምንም አልቀራቸውም። ሽማግሌዎች ገላገሏቸውና አቶ ብርሃኔ፣ ከሊልና ነጋሳ ተከታትለው ወደ እኛ መጡ። ነጋሳ ከኋላ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ። ያቀረቡልን እንዲህ የሚል ነው። ባል የሞተባት በራሷ ስም ትቀጥል፣ እሷም ቤተሰቧም ድንኳኑ ይተከልላቸው፤ በስብሰባ ግን እጅ አታንሳ።

አይሆንም አልኩ። ከተቀበላችኋት ሙሉ ሰው አድርጋችሁ ተቀበሏት አልኩ። ይኸኔ አቶ ብርሃኔ ለስለስ ብለው «ልጄ፣ ባል ያላት እጅ ሳታነሳ፣ ባል የሌላት ታንሳ ነው የምትዪው?» አሉኝ። እኔ ራሴም በእድሩ አንድ ቀን እጅ አንስቼ አላውቅም። የእኔ እጅ ነጋሳ ክንድ ላይ ነው ያለው። እንደዚያም ሆኖ እምቢ ልል አፌን ስከፍት ዙቤይዳ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ «ሙሉዬ፣ አዴ ሀዋ ድንኳን ነው የምትፈልገው። የሷን ቀን አላህ ነው የሚያውቀው፤ እኔ እስኪጠና ልጠብቅ አልችልም» አለችኝ። ምን ልበል? እሺ አልኩ፤ በገዛ አፌ።

አዴ ሀዋ ብዙም አልቆየች፤ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሞተች። ጡሩምባው ተነፋላት። ድንኳኑ ገና አስከሬኑ ሳይወጣ ተተከለ፣ ሸራውም ምሰሶውም አብሮ መጣ። ንፍሮውን እኛ ቀቀልን፣ ለቀስተኛው ጥላ ላይ ተቀመጠ። ዙቤይዳ አልሐምዱሊላህ እያለች አለቀሰች። ያን ሳይ እሺ በማለቴ አልተጸጸትኩም፤ ብዋሽህ ኃጢአት ነው።

ባለፈው ስብሰባቸው ደግሞ ዙቤይዳን አጅቤ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። መዋጮዋን ከፈለች፣ ስሟ ተጠራ፣ አቤት አለች። ቀጥሎ መጋዘኑ የት ይሠራ ተባለ። አቶ ብርሃኔ በዙቤይዳ አጥር በኩል ይሁን አሉ። የሷ አጥር ነው እንግዲህ፣ ውሃዋ የሚወርድበት፣ ጎመኗን የተከለችበት። ከሊልም ደገፈ። እጅ አንሡ ተባለ። የሁሉም እጅ ሲነሳ እሷ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ተቀምጣለች። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም። ደምመላሽ፣ ጎመኗ ላይ ሲፈርዱባት ልትቃወም አትችልም! እኔ በሩን ይዤ እንደ እሳት ነደድኩ።

ቤት ስንገባ ነጋሳን፣ የሚያዝያው ስብሰባ ላይ በዚህ ቤት ስም የምገባው እኔ ነኝ፣ አንተ ቤት ጠብቅ አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰው ምን ይለኛል አለ። ዙቤይዳን ስትሰጣቸው ያላሉህን ነው የሚሉህ አልኩት። «እንግዲያው እንካፈለው፤ አንዱን ስብሰባ አንቺ ግቢ፣ አንዱን እኔ» አለኝ። እኔ ስምምነት የሚባል ነገር አልሰማም ብዬ ነበር። ግን ይህኛው ከራሱ እጅ ቆርሶ ነው የሰጠኝ፣ ከማንም ጓዳ አልወሰደም። እሺ አልኩት፤ ተራው ከእኔ ይጀምራል። የመጋዘኑን ቦታ እንደገና አነሣባቸዋለሁ፤ ጎመኑ ገና አልተነቀለም።

አንተም እዚያ ያሉትን የተጨባበጡትን ሰዎች በደንብ እያቸው። ከየራሳቸው ከሆነ የተካፈሉት፣ እሰየው፣ እኔም አብሬህ አመሰግናለሁ። ከሌላ ሰው ከሆነ ግን ሥልጣኔ ነው ብለህ አትጻፍልኝ።

ወይንሸትን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ወገቧን በጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ትሰር። ሕፃኗን ዓይንሽን አክስትሽ ሳመችልሽ በልልኝ። ነጋሳ ሰላም ይልሃል፤ ደብዳቤውን አንብቢልኝ ቢለኝ አላነበብኩለትም። ልጆቹ አጎታችን ለምን ፎቶግራፍ አይልክም ይላሉ። ዙቤይዳ ለደምመላሽ አላህ ጤና ይስጥልኝ ብላለች፤ ልጆቿም ሰላም ብለዋል። እናት አባት የለንም፤ ያለኸኝ አንተ ነህና ራስህን ጠብቅ።

የምትወድህ እህትህ
ሙሉእመቤት

ጅማ፣ ሄርማታ
መጋቢት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.