የፍሬኒ የኋላ ገጽ

ለእትዬ ማላቲ፣ ናግፑር

እንደምን ከርመሻል? ዝናቡ እናንተጋ ገባ ወይ? እኛ ሙምባይ በጭቃ እየቦካንም ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

«የማታ ደወል» ተዘጋልሽ! ባሌ ያሽዋንት ያረጀበት ጋዜጣ። ድሮ ሰዉ ከሥራ ሲመለስ ባቡር ላይ አንዱን ጋዜጣ ለአራት ገነጣጥሎ ሲያነበው ትዝ ይልሻል? ያሽዋንት ለፊት ገጹ ርዕስ ፍለጋ ጸጉሩን ሲነጭ ይውላል፤ ሰዉ የሚሻማው ግን የፍሬኒን የኋላ ገጽ ነበር። ያቺ ሐሜተኛ! ስም አትጠራም። «ባለ ቢጫ መኪናው ተዋናይ ትናንት ከማን ጋር ዓሣ በላ?» ብላ ትጽፋለች፤ ባቡሩ በሙሉ ሰውየውን ያውቀዋል። አሁን ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ ጋዜጣ ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ።

ያሽዋንት ግን ዛሬም ከሰዓት ሰማያዊ ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል።

«ወዴት ነው?»

«ቢሮ። ዕቃ እያወጣን ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከእነ ፍሬኒ ጋር ነዋ! ደግሞ ጀመረሽ?»

ወር ሙሉ የማያልቅ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? እሷ እንደሆነች ያላት አንድ ወንበርና ያ የተቀባ ጥፍሯ ነው። ትናንት ደግሞ የሠራሁለትን ዓሣ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ተወው።

እኔም እየረገምኳት መጀመሪያ የምገልጠው የእሷን ገጽ ነበር። በዚህ ከተማ ማን ከማን ጋር እንደዋለ የምትነግረኝ እሷ ነበረች። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ልጆቹን ሳሚልኝ። ያሽዋንትም ሰላም ብሎሻል ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ገና አልገባም።

ታናሽሽ ኩሙዲኒ