ሳይታጠር የቀረው አጥር

ለቡ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሬቲ በንቲ
ዶሃ

ሶሬ የኔ እናት፣ እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ዘንድሮ ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ ጭቃው ጫማ እየነጠቀ ነው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ዕድሜውን ነው የሚናገረው።

ስልክ ሳለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ ስጀምርልሽ ትዘጊብኛለሻ! የመጨረሻው ቀን «በቃ እማ፣ የፈለግሽውን አድርጊ» ብለሽ ከዘጋሽ አርባ ቀን ሊሞላ ሁለት ቀን ቀረው። የጉልበቴን መድኃኒት በሰው ትልኪያለሽ፣ ድምፅሽን ግን አትልኪም። ወረቀት ብትቀጂው እንኳ መጀመሪያ ማየትሽ አይቀርም ብዬ ነው የጻፍኩት። የቡዜ ልጅ ሌንሳ ለእረፍት መጥታ ሐሙስ ወደዚያው ስለምትመለስ በእሷ እጅ ይደርስሻል። በጽሕፈቴ እንዳትስቂ። ከአንቺ ጋር የማወራው በኦሮምኛ ነው፣ መጻፍ የተማርኩት ደግሞ መሠረተ ትምህርት ገብቼ በአማርኛ፤ ስለዚህ ብዕር ስይዝ ትንሽ ሌላ ሴትዮ እሆናለሁ።

መጀመሪያ የሰፈሩን ልንገርሽ። መንገዱ በእኛ በር ሊያልፍ ነው። በሚፈርሰው አጥር ሁሉ ቀይ ቀለም እየቀቡ መጥተው የእኛንም ቀቡት። ታች ሽምብራ እንዘራበት የነበረው ማሳ ላይ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ አፓርታማ ቆሟል፤ የፈረንጅ ስም ነው ያወጡለት፣ አንብቤ አልጨርሰውም። መሠረቱን ሲቆፍሩ ሄጄ ለዘበኛው፣ ይህ ቦታ ጨፌ ነው የሚባለው፣ ጨፌ የተባለውም ውሃ ስለሚተኛበት ነው፣ ለአለቆችህ ንገራቸው ብዬው ነበር። ሳቀብኝ። አሁን መኪና ማቆሚያ ያደረጉት ምድር ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እየሞላ በፓምፕ ሲስቡ ይውላሉ። ዘበኛው ባለፈው አስቁሞኝ፣ እማማ ሌላስ የየትኛውን ቦታ ስም ያውቃሉ አለኝ። ሞልቶ! ግን የዛሬ ሰው የሚጠይቀኝ ከቆፈረ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእኛና የእነ ጋሼ ቦጋለ ግቢ በወረዳው የአየር ካርታ ላይ አንድ ይዞታ ሆኖ፣ በአባትሽ ስም እንደተገኘ ነግሬሽ ነበር። በመካከላችን አጥር አይታይማ። አጥሩ የት እንደሄደ አንቺም ታውቂያለሽ። የቦጋለ ልጅ የሜሪ ሠርግ ጊዜ፣ ጥር 97፣ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ አባትሽና ቦጋለ አጥሩን ነቅለው ሁለቱን ግቢ አንድ አደረጉት። አንቺ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር፤ የተነቀለውን እንጨት ለወጥ ሠሪዎቹ ስትሸከሚ ዋልሽ። ከሠርጉ በኋላ ዛሬ እናጥራለን ነገ እናጥራለን ስንል እንጨቱም ነዶ አለቀ፣ እኛም ያለ አጥር መኖሩ ተመቸን። በዚያው ዓመት ነው እንግዲህ የካርታው ፎቶ ከላይ በአውሮፕላን የተነሳው። ሌላው ሰው በዚያን ጊዜ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ውጭ ይገፋ ነበር፤ እኛ ነቅለን ተኛን።

አንቺ ይህን ስትሰሚ ደስ አለሽ። አልፈርድብሽም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስታጸጂ ኖረሻል። ይዞታው ሙሉው የእኛ ከተባለ ምትኩ ቦታ ሰፊ ይሆናል፣ ከአንቺ ቤት ጎን ሦስት ክፍል ሠርቼ፣ ፊት ለፊቱን ልብስ ስፌት አድርጌ ተጠቅልዬ እገባለሁ አልሽኝ። ቦጋለ ጎረቤት ነው፣ ልጁ ሜሪ አዳማ ትልቅ ቤት አላት፣ እሷ ትጦረዋለች አልሽ። «ዋሺ አልልሽም እማ፤ ዝም በይ ብቻ» አልሽኝ። ሳስበው ከረምኩ። ከውሸት ዝምታ ይቀላል፣ እውነትሽን ነው።

ግን ቦጋለን ጎረቤት ያልሽው እኔ በወጉ ስላልነገርኩሽ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቦጋለ ከመንዝ ሲመጣ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነበር። ከአባትሽ ጋር የድንጋይ ካባ ውስጥ አብረው ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ተንዶ የአባትሽን እግር ሰበረው። መኪና በዚህ በኩል አያልፍም፤ ቦጋለ በጀርባው አዝሎ እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግሩ ወሰደው፣ እዚያ ነው መኪና ያገኙት። አያትሽ ኦልጅራ ይህን አልረሳም። ሽማግሌ ሰብስቦ፣ አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ቦጋለን አጠባው። የጡት ልጁ አደረገው ማለት ነው፤ ለአባትሽም ወንድም ሆነ። ያን ቀን ሁለት ቃል ተሰጠ። ቦጋለ በዚህ ቤት ድርሻዬን ብዬ አልጠይቅም አለ። ኦልጅራ ደግሞ፣ ይህ ቤት ድርሻህን አይከለክልህም አለ። በዚያ ተማምለው ማሩን በሉ።

ይህን የሰማሁት ነው፤ ያኔ ገና አልተዳርኩም። ያየሁትን ደግሞ ልንገርሽ። በ72 ቦጋለ እትዬ እፀገነትን ሲያገባ ኦልጅራ ጎጆ መውጫ መሬት ሰጠው። የበሬ መጫኛ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ለእኔ አስያዘኝ፣ ሌላውን ራሱ ይዞ ለካ፤ በየማዕዘኑ ድንጋይ ቀበረ። አባትሽ ቆፋሪ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቆሞ ያይ ነበር። ኦልጅራ ሞተ፣ ሊቀመንበሩ ሞተ፣ አባትሽም ይኸው ሰባት ዓመቱ። ከእኛ ወገን ያን ቀን የነበረ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰኔ አምስት ቀን ወረዳ ተጠራን። እኔ፣ ቦጋለና እፀገነት አብረን ሄድን። ቦጋለ በመንገድ ላይ ስለ ቦታው አንድም ቃል አልተናገረም፤ ስለ ሽንኩርት መወደድ ነው ያወራን። ጉዳዩን የያዘችው ቤተልሄም የምትባል ልጅ ነች፤ አንቺን የምታክል፣ ሥራዋን የምታውቅ፣ ሰው የማታመናጭቅ። መጀመሪያ ቦጋለን ጠየቀችው። ካርታው ላይ ያሉበት ቦታ በአቶ በንቲ ኦልጅራ ስም ነው፣ እርስዎ በምን አግባብ ነው የሚኖሩበት አለችው።

«የኦልጅራ ነው» አላት። «እኔ በሱ ጥላ ኖርኩ።»

የእርስዎ ድርሻ አለበት ወይ ብላ ደግማ ጠየቀችው።

«እኔ የምጠይቀው የለኝም። የቤቱ ሰው እሷ ነች» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ይታይሽ! ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሌላ መጠጊያ የለውም፤ ሜሪ ቤትም አማት አለች፣ ባል አለ። ልጁ ብትቀየመው ምን ይውጠዋል? ግን አንዴ አልጠይቅም ብሏል፣ አለቀ። እፀገነት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ቤተልሄም ምን ታድርግ? የምታውቀው በቀለም የተጻፈውን ነው፤ የማሩን ቃል ከየት ታውቃለች? «ተጠግተው የሚኖሩ» ብላ ጻፈች። ተጠግቶ የሚኖር ሰው ምትክ ቦታ አያገኝም። ያ ወረቀት እንዲያ ሆኖ ቢወጣ፣ ቦጋለና እፀገነት አርባ አምስት ዓመት ከኖሩበት ቤት ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ።

እኔም ወዲያው ተነሳሁና፣ «ልጄ፣ የጻፍሽውን ሰርዢው» አልኳት። «ቦታው የቦጋለ ነው። ሲለካ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

እሷም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ይህን ሲሉ የእርስዎ ድርሻ እንደሚቀንስ ገብቶዎታል ወይ፣ ምትኩ ለአንድ ትንሽ ቤት ብቻ ነው የሚበቃው አለችኝ። ገብቶኛል አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ መለስኩላት። በዚህ ቢሮ ሰው ወንድሙን ሲክድ ነው የማየው አለችና፣ በቃል ብቻ ግን አልለውጥም፣ ምልክት ያሳዩኝ አለች። ደግ አደረገች፤ ሁሉም በቃል ቢሠራ የሌባ መጫወቻ በሆንን።

በማግስቱ ሜትሯን ይዛ መጣች። ጭቃ ውስጥ ቦቲ ጫማ አድርጋ ከእኔ ጋር ስትዞር ዋለች። አንዱን ድንጋይ ከእፀገነት ጎመን መደብ ሥር አገኘነው። ሁለተኛው እናንተ ልጆች ሆናችሁ ልብስ ስታጥቡበት የነበረው ነው፤ እኔ እንኳ የድንበር ድንጋይ መሆኑን ረስቼው ነበር። ሦስተኛው ሽንት ቤቱ ጋ ተገኘ። አራተኛውን አጣነው፤ ይኸኔ የአንዱ ፎቅ መሠረት ሆኗል። ሦስቱ ይበቃል አለች። እድሩም መሰከረ፤ አጥሩ ለሠርግ ሲነቀል ያየ ስንት ሰው አለ። ወረቀቱ ተለወጠ፤ ይዞታው ለሁለት ተከፈለ።

ቦጋለ አመሰገነኝ ብለሽ እንዳታስቢ። ሳምንት ሙሉ ፊቱን አጠቆረብኝ። ኋላ በረንዳው ላይ ጠርቶኝ፣ «እኔ አልጠየቅኩም፤ ይታወቅልኝ» አለኝ። ታውቆልሃል አልኩት። ይኼ መንዜ! እፀገነት ግን አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የቦታ ዕጣ ወጣ። ጎን ለጎን ይስጡን ብለን ለምነን ነበር፤ ዕጣ ነው አሉን። እኛን ወደ ሀና ማርያም አካባቢ፣ እነሱን ወዲያ ማዶ ጣላቸው፤ በሁለት ታክሲ ነው የሚደረሰው። እንግዲህ በስተርጅና ለመጠያየቅ ወረፋ ልንይዝ ነው። ቤቱ የሚፈርሰው ከመስቀል በኋላ ነው ብለውናል። የአባትሽን ፎቶ፣ የአንቺን የትምህርት ቤት ካርዶችና የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን አሁኑኑ በፌስታል አስሬ ሰቅያለሁ። አዲሱ ቦታ ላይ ለጊዜው የማቆመው አንድ ክፍል ነው።

ሶሬ፣ ልዘጋው ስል አንድ ነገር አላስችል አለኝ። ከላይ አሳስቼ ጽፌልሻለሁ። ወዲያው ተነሳሁ ብያለሁ፤ ወዲያው አልተነሳሁም።

ቤተልሄም ጽፋ ጨረሰች። አነበበችለት። ቦጋለ ፈረመ። ከዘራውን አነሳ፣ የእፀገነትን ትከሻ ይዞ እስከ በሩ ሄደ። ያን ሁሉ ጊዜ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ልክ አንቺ እንዳልሽኝ ዝም ብዬ። ስለ ቦጋለም አላሰብኩም። ምትኩ ቦታ ላይ ያንቺን ሦስት ክፍል እየሠራሁ ነበር። መስኮቱን በምሥራቅ በኩል አወጣሁልሽ፣ ብርሃን እንዲያገኝሽ የስፌት መኪናሽን ከሥሩ አደረግኩልሽ። አንቺም መጥተሽ ተቀምጠሽ ነበር። ትንሽ ወፍረሻል፣ አምሮብሻል። ሲወጡ እያየሁ ዝም አልኩ።

ቦጋለ በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝና፣ «ገዲሴ፣ አትመጪም እንዴ? ጭቃው ለጉልበትሽ አይሆንም፤ አብረን እንሂድ እንጂ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት።

እና ልጄ፣ እናቴ ከእኔ ሰው አበለጠች ብለሽ አትዘኚብኝ። ለአንቺ ስል እስከዚያ ድረስ ሄጄ ነበር። ከዚያ በላይ አልሆነልኝም። የስፌት ቤቱን ነገር እኔ አበላሽቼብሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ። ግን ቤት ሠርቼ እመጣለሁ የምትይውን ተዪው። እኔ ስልሳ ስድስት ሞላኝ። ክፍሏ አንድ ብትሆንም አልጋው ለሁለት ይበቃል፤ ጉልበቴ ሳይተኛ በፊት፣ በሩን እኔው ራሴ ስከፍትልሽ ነይ።

ሀና ማርያም ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። የአባትሽ በረከት ይከተልሽ። እጅሽን ስም፣ ዓይንሽን ስም አድርጌያለሁ።

እናትሽ
ገዲሴ