በተረጨ የአተር እሸት ስለሞቱት ስለ አቶ ኢታና ረጋሳ

የሮቤና አካባቢው የአተርና ባቄላ አምራቾች ማኅበር፣ የሰብል ተባይ አጥኚ የነበሩት አቶ ኢታና ረጋሳ ኅዳር 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ማረፋቸውን ለአባላቱና ለባሌ ሕዝብ የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘን ነው። ሐዘናችን ቁጣ አለበት፤ አንደብቀውም። የፀረ ተባይ ርጭቱን ያዘዘው፣ እሳቸውም ይሠሩበት የነበረው የእርሻ መሥሪያ ቤት የሞታቸው ምክንያት «ድንገተኛ ሕመም» ነው ብሏል። አቶ ኢታና የሞቱት መርዝ የተረጨበት የአተር እሸት በልተው ነው።

በ1955 ዓ.ም. ከእርሻ ትምህርት ቤት ተመርቀው ሮቤ ሲመጡ፣ በአተራችን ላይ የምናየውን ነጠብጣብ ጥንዚዛ፣ የተክሉን ጭማቂ ከሚመጠው ክሽክሽ እኩል ጠላት አድርገን እንጨፈልቅ ነበር። ጥንዚዛው ክሽክሹን የሚበላልን ወዳጅ መሆኑን ማሳ ውስጥ አንበርክከው አሳዩን።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ጋና በምንለው በበልጉም ቦና በምንለው በመኸሩም አዝመራ ተባዩንና በላተኛውን ተከታተሉ። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ክሽክሹ ይበረክታል፤ ጥንዚዛው ዘግይቶ ይደርስና ያጸዳዋል። በዚያ መካከል መርጨት ወዳጅን ገድሎ ጠላትን ማደለብ ነው ይሉ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ የሌላ አገር የዝናብ ወራት ይዞ፣ በእኛ ማሳ ጥንዚዛው በሚደርስበት ጊዜ ርጭት አዘዘ። ጥንዚዛው አለቀ፤ ክሽክሹ ተመልሶ አተሩን ጨረሰው። አቶ ኢታና በስብሰባ ላይ ተነሥተው ተቃወሙ፤ ምላሹም ወደ ቆላው ወደ ደሎ መና መዛወር ሆነ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ብለው ሄዱ።

በዚህ ኅዳር መሥሪያ ቤቱ እንደገና ረጨ፤ በገበያ ቀን፣ ባለማሳዎቹ ሮቤ ሳሉ፣ አተሩ እሸት ይዞ፣ ያለ ጠባቂና ያለ ምልክት። መንገደኛ የማንንም እሸት ቀጥፎ ቢበላ እንደማይከለከል በዚህ አገር የማያውቅ የለም። አቶ ኢታና ቤተሰባቸውን ሊጠይቁ ከደሎ መና መጥተው ከጎባ ወደ ሮቤ ሲያልፉ፣ ከገበያ የተመለሱት የማኅበራችን አባል ወይዘሮ ዲንቄ ጠርተው ከማሳቸው እሸት አቀበሏቸው። በቀብሩ ላይ «ኦቦ ኢታና፣ ብሉልኝ ብዬ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ሰምተናል።

ወይዘሮ ዲንቄ፣ እጅዎ ንጹሕ ነው። በደለኛው ማሳዎን ሳያስነግር የመረዘው ነው።

ከእንግዲህ ባለማሳው ሳይፈቅድ የርጭት ሠራተኛ የአባሎቻችንን ማሳ አይረግጥም። ዛሬ ከጎባ እስከ ሮቤ እሸት የሚቀጥፍ መንገደኛ የለም፤ እናትም ልጇን ከአተር ማሳ ታርቃለች።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ኦብሴ፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ፈጣሪ መጽናናትን ይስጥልን። ርጭቱን ላዘዙት ግን መጽናናትን አንለምንም።