እትዬ አስካለ ያልከፈተችው በር

ቡራዩ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

አገላብጬ ብስምሽ ለማልጠግብሽ ልጄ ለቲቲ፣

ሰውነትሽ እንዴት ነው? የናይሮቢ ምግብ ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም ከሥራ አላስቀረኝም። ትምህርት ቤት የተማሪ መዝገብ ሳገላብጥ እውልና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቤቴ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው የሚረዝመው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ወዲህ የአምቦ መንገድ ጸጥ ብሏል፤ ሰውም በጊዜ በሩን ይዘጋል።

ስልክ ስንደዋወል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን እንዘጋለን። የምነግርሽ ነገር በዚያ አያልቅም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ናይሮቢ በከባድ መኪና ለሚመላለሰው ጎረቤታችን ለከድሩ እሰጠዋለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የኋላውን ክፍል ዕድላዊት ለምትባል ልጅ አከራይቻለሁ። ባንክ ነው የምትሠራው። ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። «እትዬ ፋናዬ፣ ይህችን ሴትዮ ይዩልኝማ። ቁርጥ እርስዎን» አለችኝ።

ፌስቡክ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ ካርቱን ነው። እትዬ አስካለ የምትባል ሴት ቢጫ ሹራብ ለብሳ፣ አጥሯን ተደግፋ ለሰፈሩ ሴቶች ልጆች የፍቅር ምክር ትሰጣለች። የሠዓሊው ስም የለበትም። ሹራቡን ግን አወቅኩት። ሁለተኛው ቁልፍ ቡናማ ነው፤ ቢጫ አጥቼ ራሴ የተከልኩት። እጅሽንም አወቅኩት። ለዕድላዊት «እኔን የት ትመስላለች» ብዬ ተውኩት፤ በነጋታው ግን ለእኔም ፌስቡክ አስከፈትኳት። ስሜን «የቡራዩ ሰው» አልኩት።

ልጄ፣ ክረምቱን ሙሉ ጓደኞቼ እነዚያ ኮሜንት የሚጽፉት ሰዎች ነበሩ። እትዬ አስካለ «ስልኩን ሦስት ቀን አታንሺለት፤ ከወደደሽ በእግሩ ይመጣል» ስትል መልከጼዴቅ የሚባል የሱሉልታ ሰው «ይቺ ሴትዮ የስንቱን ቤት አፈረሰች» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ተነሥቶ «እሷ ባትኖር ስንቷ ትታለል ነበር» ይለዋል። ከዚያ ሃምሳና ስልሳ ሰው ይገባበታል። እኔም ያለ መነጽር እየተደናበርኩ እጽፋለሁ። ሁልጊዜ የምቆመው ለእሷ ነበር። አንዱ «እትዬ አስካለ ራሷን ፍቅር ይዟት ያውቃል?» ብሎ ሲጽፍ ሦስት መቶ ሰው ወደደለት። ያን ቀን እራት አልበላሁም። አባትሽ ብዙነህ ለአጎቱ ለቅሶ ብሎ አገሩ ገብቶ፣ ዘመዶቹ «እዚሁ ቅር» ሲሉት እንደቀረ ለዚያ ልጅ እንዴት ብዬ ልንገረው?

መስከረም ማለቂያ ላይ ያወጣሽው ነው ያሳመመኝ። እትዬ አስካለ ለገዛ ልጇ «እሱ ወገኑ ሲጠራው ይሄዳል፤ አንቺ ብቻሽን ትቀሪያለሽ» ትላታለች። ቃሌ ነው፤ ስለምትወጂው ስለ ቶሌራ ያልኩሽ። በመጨረሻው ሥዕል ላይ በር ይንኳኳል፣ እሷ መወርወሪያውን ይዛ ቆማለች። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ ትክፈት፣ አትክፈት። እኔ «እናት ናት፤ ልጇን ትጠብቅ» ብዬ ጻፍኩ። ሶፊ የምትባል የሰበታ ልጅ «የቡራዩ ሰው፣ አንቺ ብትሆኚ ትከፍቺ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እየጻፍኩ አጠፋሁ፣ እየጻፍኩ አጠፋሁ። በማግስቱ የስልኩ ኢንተርኔት ተዘጋ። ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈው፤ አልመለስኩላትም፣ ቀጣዩንም ክፍል አላየሁም።

እንግዲህ ለአንቺ ልመልስልሽ። ባለፈው ታኅሣሥ፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሣ ከተማው በሰልፍ የታመሰ ቀን፣ ቶሌራ በራችንን አንኳኩቶ ነበር። ገርበብ አድርጌ አየሁት። ላብ አጥምቆታል። «እትዬ፣ ቲቲ አለች? ትንሽ ያስገቡኝ፤ መንገዱ እስኪበርድ» አለኝ። አንቺ ጓዳ ውስጥ ጆሮሽ ላይ ያን የሙዚቃ ነገርሽን ሰክተሽ ትሥዪ ነበር። «የለችም፤ አክስቷ ጋ አድራለች» አልኩት። «እሺ፣ ደህና ይዋሉ» ብሎ ሄደ። ከሰፈራችን ሳይወጣ ነው ፖሊሶች የያዙት። አንቺ «ሳይነግረኝ ሰልፍ ወጣ፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይልክብኝ» ብለሽ ስታለቅሺ እኔ «አልነገርኩሽም?» አልኩሽ። መጋቢት ላይም ሄድሽ። ሰምተሽ ይሁን ወይ እንዲያው ከራስሽ አውጥተሽ ያን በር የሣልሽው፣ አላውቅም።

ነሐሴ ላይ ተፈትቷል። ይህንንም አልነገርኩሽም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አባቱ ወደ ኦቦ ዱቤ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። «አካም፣ ነጉማ?» ብዬ በቋንቋቸው ሰላም አልኳቸው። «ነጋ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ፤ ለምን መጣሽ አላሉኝም። ያን ጊዜ መሬታቸው በፕላኑ ይወሰዳል ተብሎ እንቅልፍ አጥተው እንደነበር አስታወስኩ። እኔም ቤቴ ፈርሶ ከልደታ ተነሥቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሊገባኝ ይችል ነበር። ቶሌራ አንድ አልጋ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነው። ከስቷል።

«ያን ቀን ቲቲ እቤት ነበረች» አልኩት።

«አውቃለሁ እትዬ። በሩን ሲከፍቱት ጫማዋን ከውስጥ በኩል አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እሷ ‹የለችም በይው› ብላ የላከችዎት መሰለኝ።»

ልጄ፣ አሥር ወር ይህን ይዞ ነው የተቀመጠው። «እሷ አልሰማችም። እኔ ነኝ» አልኩት። ኦቦ ዱቤ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ ውጭ ወጡ። ቶሌራ የአልጋውን ብናኝ በእጁ ጠርጎ «ለእሷ ነገሯት?» አለኝ።

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው እሷ ትስማው» ብሎ ወደ አልጋው ተመለሰ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስሄድ ግን በር ድረስ ሸኘኝ፤ ለጉልበቴም ብሎ ደረጃዋን ደግፎ አወረደኝ።

ይኸው ሰማሽ። ደውይለት አልልሽም፣ ተይውም አልልሽም። ምክር ጨርሻለሁ። እትዬ አስካለንም እኔን ፈርተሽ እንዳታሳምሪያት፤ እንዳየሻት ሣያት።

ያለሽበት አገር ሰው እንደ እናት ይሁንልሽ፤ እጅሽ አይዛል፤ ክፉ ሰው ደጅሽን አይርገጥ።

እናትሽ ፋናዬ

ይድረስ ብዬ ከዘጋሁት በኋላ የጨመርኩት፦ ከድሩ እስከ ሐሙስ እዚያው ናይሮቢ ነው። መልስ ካለሽ ይቀበልሻል። ከሌለሽም አትጨነቂ። ሲመለስ ግን በእኛ በር ነው የሚያልፈው፤ የመኪናውን ድምፅ ገና ከድልድዩ ማዶ ነው የምለየው።