ከሌን አላወለቅኩም

ዲላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ነብዩ፣

እንደምን ከርመሃል? ስልክህ አልነሳ ስላለኝ ይህንን በሙሐሲን እጅ ልኬልሃለሁ። ያ የቡድንህ የግራ ክንፍ ተጫዋች አሁን የጭነት መኪና ይነዳል። አሶሳ ላይ አይቶህ ኖሯል። "ማዘር፣ ሱቅ ይጠብቃል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ፊቱን ያዞራል" አለኝ።

እጄ ቀርፋፋ ነውና ታግሠህ አንብብልኝ።

የወንድምህ የፊሊጶስ ሙት ዓመት እሑድ ዋለ። እነ አጎትህ ደበበ የቡና ለቀማቸውን ትተው ከፍስሐ ገነት መጡ። እንደ ደንቡ አዲስ ቀሚስና ነጠላ ይዘው፣ ከሉን ሊያስወልቁኝ ተነሱ። አክስትህን አልጋነሽን ታውቃታለህ፤ ሳትጠይቀኝ አዝራሬን መፍታት ጀመረች።

"ተይ! ነብዩ መጥቶ ያውልቅልኝ" አልኳት።

"ካልመጣስ?" አለ ደበበ።

"ላዬ ላይ ያልቃላ!"

"ግትር! ልጅሽም ካንቺ ነው የወረሰው" ብሎ ቀሚሱን ወንበሩ ላይ አኖረው። እስካሁን እዚያው ነው።

ነብዩ፣ ወንድምህ ስላረፈበት ቀን አንድም ጊዜ አልተነጋገርንም። ከቀብሩ ማግስት ወጥተህ ሄድክ። በዚህ ከተማ እንዳንተ ጎል ያገባ አጥቂ አልነበረም፤ እንዳንተም የወደቀ። ጎሉ አጠገብ ስትደርስ ማንም ሳይነካህ ትንከባለላለህ። ሕዝቡ "ነብዩን ንፋስ ጣለው!" እያለ ይስቃል፤ ዳኛው ግን ፍጹም ቅጣት ምቱን ይሰጥሃል። የሐዋሳ ክለብ ወስዶ ደመወዝ ሲከፍልህም እንደዚያው ነበርክ። ጉልበትህ ተሰብሮ ተመልሰህ አሰልጣኝ ስትሆን፣ ዘጠኝ ቁጥርህንም አወዳደቅህንም ለፊሊጶስ ሰጠኸው። ግቢያችን ውስጥ "መጀመሪያ ትከሻህን፣ ከዚያ ጩኸት!" እያልክ ስታለማምደው፣ ጭቃውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። እቆጣችሁ ነበር። ፊቴን ሳዞር ግን እስቅ ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን ፊሊጶስ ሜዳው ላይ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ቢስቅ፣ አንተም ከሜዳው ዳር ቆመህ "ተነስ አንተ አስመሳይ! ኳሷ ሄዳለች!" ብትለው አይገርመኝም። በረኛው ደመላሽ ነው የነገረኝ። መጀመሪያ የሮጠው እሱ ነበር። "ስላልጮኸ ነው የደነገጥኩት" አለኝ። ተወው፤ ይህንን መጻፍ አልነበረብኝም።

ሆስፒታል ሄጄ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። "ልቡ ነው። ገና ሳይወድቅ አልፏል። ያኔውኑ ቢሮጡም አይደርሱለትም ነበር" ብሎኛል። ይህንን አልጋነሽን አትጠይቃት፤ አብራኝ አልገባችም። ሐኪሙም ተዛውሯል፤ ስሙን አልያዝኩትም። አንተ ግን እመነኝ።

ኳስ ተው ብዬህ አላውቅም፤ አሁንም አልልህም። እዚያ ባሉት ልጆችም ፊትህን አታዙርባቸው። ምን አደረጉህ?

ሙሐሲን ሲመለስ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ጠይቄዋለሁ። አብረኸው ና። የከሌ አዝራር ጠበቅ ያለ ነው፤ ቀስ ብለህ ትፈታዋለህ።

የፊሊጶስን ነፍስ በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። መንገድህን እመቤቴ ትጠብቅልኝ። የቀረኸኝ አንተ ነህ።

እናትህ አሰፋች