እናንየ ከጎንደር ያመጣችው ራጅ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2004

ለመላው የደባርቅ ሕዝብ ይታወጅ! ሦስት ቀን ሙሉ የጠፋው መነጽሬ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከገብሱ ጆንያ ውስጥ በሰላም ተገኝቷል።

ሌላው ወሬ አያስቅም። የልጅ ልጄ እናንየ ራጅ ልትነሣ ጎንደር ሄዳለች። ካገባች አራት ዓመቷ፤ አልጸነሰችም። አማቷ አቶ ጫኔ እሑድ ከአምባራስ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። ትዳሩ ይፍረስ ሊሉ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

መጣች። ትልቅ ቡናማ ፖስታ ታቅፋለች፣ ልጅ እንደሚታቀፍ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ጨምረው ነው ያነሧት፤ ቀለሙ የሄደበት ቱቦ ነጭ ሆኖ ይታያል። በግራ አልፏል። በቀኝ ቆሟል።

ሐኪሙ ያላትን ደጋግሜ አስወራኋት። የቆመው ተደፍኖ ይሆናል፤ በምርመራው ሰዓት ተኮማትሮም ይሆናል። በአንዱ ብቻ የሚወልዱ አሉ፤ ሁለቱም ክፍት ሆኖ የማይወልዱም አሉ። ባሏም ይመርመር ብሏል። ባሏ ማሩ ይህን ሲሰማ ከብት ልይ ብሎ ወጣ። በግቢያችን ከብት የለም።

"ታዲያ ይህ ፎቶ ምን ይነግረናል?" አልኳት።

"መንገዱን እንጂ መንገደኛውን አያሳይም ብሎኛል፣ አባባ።"

ዓርብ፣ ኅዳር 8

እናንየ እህል አልቀመሰችም። ጾም ነው ትላለች። ትናንትስ? ትናንት ሐሙስ ነበር። ፖስታው ከራስጌዋ አይለይም። ቀለድኩባት፤ አልሳቀችም።

እሑድ፣ ኅዳር 10

አቶ ጫኔ ከአራት ሽማግሌ ጋር መጡ። ራጁን እየተቀባበሉ ወደ ፀሐይ አንጋጠው አዩት። አንደኛው ገልብጦ ነበር የያዘው። አቶ ጫኔ በግ ነጋዴ ናቸውና የበግ ቀንድ ታያቸው።

"አንድ ቀንዷ የተሰበረ በግ ማን ይገዛል?" አሉ፣ እናንየ ከጓዳ እየሰማች።

"አምባራስ በቀንዷ የምትወልድ በግ አለች እንዴ፣ አቶ ጫኔ?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ያን ጊዜ ሟች እናቴን አነሣሁ። "የእናቴም አንዱ ቱቦ ዝግ ነበር። ሰባት ወለደች፤ ሰባተኛው እኔ ነኝ፣ ይኸው እያናደድኩዎት።"

እስከ ፋሲካ ይታገሡ ተባለ። ማሩ ለአጨዳ ብሎ ከአባቱ ጋር ሄደ። ሁለቱንም ጋቢውን ይዟል። የምርመራውን ቀን አልቆረጠም።

እንደ ሄዱ እናንየ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "የቅድመ አያቴ ነገር እውነት ነው?" አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።

ለደብተሬ ልናዘዝ። የሐኪሙን ቃል እንዳለ ነው የጻፍኩት፤ የበጉንም፣ የሁለቱን ጋቢም ነገር። የእናቴን ቱቦ ግን እኔ ፈጠርኩት። ከአራቱ ሽማግሌ አንድ እንኳ "እናትዎን ማን ራጅ አነሣቸው?" ያለ የለም። እናንየ ግን አስተዋይ ናት። ከፋሲካ በፊት ትጠይቀኛለች።