የልጄን እጅ የአባቷ ነው ላሉት ፕሮፌሰር

ለክቡር ፕሮፌሰር ዲግቪጃይ ባንዳሪ
የዘመናዊ ጌጣጌጥ ዲዛይንና ሥራ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ጃይፑር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለተከበሩት የፈተና ገምጋሚዎች የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፣ በዚህ ሙያ ያለ ዓይን ኃላፊ ከመሆን በቀር ሌላ መሆን አይቻልምና። እኔ ጉርዲያል ሲንግ ከጆሃሪ ባዛር ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ በወርቅና በብር ላይ ባለቀለም መስታወት እያቀለጥኩ አበባና ወፍ የምሥል አንጥረኛ ነኝ። ባለፈው ወር «የአባቷን ሥራ የራሷ አስመስላ አቀረበች» ብለው ከአራተኛ ዓመት ያባረሯት የጃስኪራን አባትም ነኝ። ይህን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቢሮዎ ደጃፍ አራት ቀን ተቀምጬ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለነገረችኝ፣ ስብሰባው ውስጥ ሊገባ የሚችል ወረቀት ፈልጌ ነው።

ምስጋናዬና ቅሬታዬ ስለተደባለቁብኝ በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ።

1ኛ. በእኛ ሥራ፣ ሰው የማያየው፣ ቆዳ የሚነካው የጌጡ ጀርባ እንደ ፊቱ ተጠንቅቆ ይሠራል። ልጄ ለመመረቂያዋ በሠራችው የአንገት ጌጥ ፊቱን ባዶ ብር አድርጋ ቀለሙን ሁሉ ከጀርባው አኖረችው። እርስዎም ባዶውን ፊት ለረጅም ጊዜ አገላብጠው ሳይሆን አፍጥጠው ተመለከቱና ሥራው የት እንዳለ ጠየቁ። በመጨረሻ ጌጡን ያዞረልዎ የወርክሾፑ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ለእሱ የደመወዝ ጭማሪ እንዲታሰብለት በትሕትና አሳስባለሁ።

2ኛ. ጀርባውን ካዩ በኋላ እጇን እንድታሳይ አዘዟት። እሳት የጠበሳቸውን ጣቶቿን ስትዘረጋ «ይሄማ ሮቲ ስትጋግሪ የተቃጠልሽው ነው» አሉ፤ ገምጋሚዎቹም ሳቁ። ቀጥለው «ይሄን የሠራው የሽማግሌ እጅ ነው። አባትሽን ሰላም በይልኝ» አሏት። ሰላምታዎ ከስንብት ደብዳቤዋ ጋር በአንድ ቀን ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. የወርቅ ሜዳልያው የባለሆቴሉ ልጅ ለሆነችው ለወይዘሪት ካምያ፣ «ዝምታ ቁጥር ሦስት» ለተባለው አምባሯ ተሰጠ። እርስዎም በመድረክ ላይ፣ አንጥረኛ አባት የሌላት ተማሪ በገዛ እጇ ምን ልትሠራ እንደምትችል አምባሩ ምስክር ነው አሉ። ያንን አምባር የአባቷ ጸሐፊ ለሠርግ ስጦታ ነው ብሎ ያዘዘው ከእኔ ሱቅ ነው። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ በትምህርት ክፍልዎ ውስጥ ጥሩ ሥራ አይታ የለየች እሷ ብቻ ናት።

4ኛ. እንግዲህ ሜዳልያው ለአባትየው ይገባል ይሉ ይሆናል። አይገባም። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ሻይ የምጠጣው ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ነው፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ ያስጻፍኩት ፍርድ ቤት ደጃፍ ለሚቀመጥ ታይፒስት ነው። በነዚህ ሦስት ዓመታት በስሜ የወጣውን ሁሉ የሠራችው ጃስኪራን ናት። ልጄን ያባረሩበትን ጌጥና የሸለሙትን አምባር በአንድ ወር ውስጥ የሠራ አንድ እጅ ነው። ደንበኞቼን ዋሽቻለሁ፤ አፍሬአለሁም።

እሷ አምባሩን በኤግዚቢሽኑ አይታዋለች። ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት «አባዬ፣ እኔ ሌላ ነገር እማራለሁ። የአንተ እጅ መሞቱ ከተሰማ ግን ማን ሥራ ያመጣልሃል?» አለችኝ። እንደምጽፍልዎ ስነግራትም ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ይህ ጋዜጣ በወጣ ማግስት በባዛሩ ውስጥ ስሜ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም እርስዎ የተማሩ ሰው ሆነው፣ ሥራዋን ለእኔ ሰጥተው ያደረጉባትን እኔ ያልተማርኩት ሦስት ዓመት ሙሉ ሳደርግባት ኖሬአለሁና፣ ከሁለታችን አንዳችን መተው ነበረብን። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ እኔ ቀደምኩ።

ያበላሹትን ሁሉ ቆጥረው ለመጨረስ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ፊርማዬ ስለማይነበብ በአውራ ጣት አሻራ፣
ጉርዲያል ሲንግ
የቀድሞ አንጥረኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን አስጽፌ እንደጨረስኩ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ግብዣ ደረሰኝ። ተማሪዎችዎ ከነባር ባለሙያ እጅ እንዲቀስሙ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣሁ እንዳስተምር ይጠይቃል። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። የጠየቁትን እጅ ሰኞ ጠዋት ልልክልዎ ዝግጁ ነኝ፤ ብቻ ጃስኪራን እንዳትገባ ፎቶዋ በዘበኛው ክፍል መስኮት ላይ ተለጥፏልና፣ አስቀድመው ያስነቅሉልኝ።